ለ«የሚያስታውስ ሰው አልዛይመር የለበትም» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ስለ አልዛይመር ነው። በቅን ልብ እንደተጻፈ ያስታውቃል። ጸሐፊው ወላጆቻቸው ዕድሜያቸው የገፋባቸውን ልጆች ሊያረጋጉ ፈልገዋል። እኔን ያሳሰበኝ ማረጋጊያው ራሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ተረጋግቶ ዓመታት የሚያባክን ቤተሰብ ይኖራል ብዬ እሰጋለሁ።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ላስቀምጠው። አልዛይመር ማለት መርሳት ነው፤ ስም፣ ቀንና የትናንት ወሬ የሚያስታውስ ሰው አልዛይመር የለበትም ይላል። ዕቃ ማየትና መለየት ያስቸገረው ሰው መነጽር ይቀይር። ዓይኑ ደህና ነው ከተባለ ደግሞ ጭንቀት ነው። በሽታው የሽማግሌዎች ስለሆነ ከ65 ዓመት በታች ያለ ሰው አይስጋ። ቢያዝም በሽተኛው ራሱ ስለማይገባው ባይነገረው ይሻላል። መድኃኒት ስለሌለው መመርመሩም ብዙ ትርጉም የለውም።

ይህን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ የአልዛይመር ዓይነት አለ። ከመርሳት አይጀምርም፤ ከማየት ነው የሚጀምረው። ሐኪሞች ፖስቴሪየር ኮርቲካል አትሮፊ ይሉታል፣ ሲያሳጥሩት ፒሲኤ። የአንጎል የኋለኛው ክፍል ቀስ በቀስ እየከሳ የሚሄድበት ሁኔታ ነው። ጽሑፉ ስለዚህ አንድም ቃል አላነሳም። ምልክቶቹን ግን ሳያውቀው አንድ በአንድ ጠቅሶ «አልዛይመር አይደሉም» ብሎ አሰናብቷቸዋል።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፤ የሌላው ሁሉ መሠረት እሱ ነውና። ካስታወሰ አልዛይመር የለበትም የሚለው።

አልዛይመር በአንጎል ውስጥ የሚታወቀው በሁለት ፕሮቲኖች ነው። አሚሎይድ የሚባለው ከነርቭ ሴሎች ውጪ ይከማቻል። ታው የሚባለው በሴሎቹ ውስጥ ይተበተባል። በተለመደው አልዛይመር ታው ቀድሞ የሚያጠቃው በጆሮ ግንድ በኩል ወደ ውስጥ ገባ ያለውን ሂፖካምፐስንና አካባቢውን ነው። ይህ ቦታ አዲስ ነገር የምንመዘግብበት ነው። ስለዚህ ሰውየው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል። ትናንት ማን እንደመጣ ይጠፋዋል። ገንዘብ የት እንዳስቀመጠ ይረሳና ተሰረቅኩ ይላል። ጽሑፉ የገለጸው ይህንን ነው፤ የገለጸውም በትክክል ነው።

በፒሲኤ ግን ያው ታው በአብዛኛው የሚበረታው ከኋላ ነው። ከማጅራት በላይ ያለው የአንጎል ክፍል ዓይን የላከውን ይቀበላል። ከእሱ ወደ ላይና ወደ ፊት ያለው ደግሞ ዕቃው የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ እጅ እንዴት እንደሚደርስበት ያሰላል። ሂፖካምፐስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንጻሩ ይተርፋል። ምስጡ አንድ ነው፤ የጀመረው ምሰሶ ነው የሚለየው። ስለዚህ ይህ ሰው ትናንት ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተበላ ይነግራችኋል። ፊቱ ያለውን የውኃ ብርጭቆ ግን አያገኘውም።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ፍራንክ ቤንሰን ከባልደረቦቹ ጋር የ5 ሕሙማንን ታሪክ አሳተመ፤ ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሰፊ ጥናት ከ16 አገሮች የተሰበሰቡ 1,092 የፒሲኤ ሕሙማንን ተመልክቷል። ከሥሩ ያለው በሽታ በምርመራ ከታወቀላቸው ውስጥ በ94 በመቶዎቹ የተገኘው አልዛይመር ነው። በመርሳት ከሚጀምሩት እንኳን እንዲህ ያለ ከፍተኛ ቁጥር አይገኝም። መርሳት ከሌሎች ብዙ ነገሮችም ይመጣልና። እንግዲህ ከማስታወስ ችግር ይልቅ ይህ የማየት ችግር ወደ አልዛይመር አጥብቆ ይጠቁማል ማለት ነው። ጽሑፉ የተናገረው የዚህን ተቃራኒ ነው።

የቀሩት ጥቂቶች ሌላ ምክንያት አላቸው። በፒሲኤ መልክ ሊመጡ ከሚችሉት አንዱ ሉዊ ቦዲ የሚባለው የዲሜንሺያ፣ ማለትም የማሰብና የማስታወስ አቅም እየደከመ የሚሄድበት ሕመም፣ ዓይነት ነው። እሱን በኋላ አነሳዋለሁ፣ ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ አደጋ ስላለው።

ሁለተኛው ነጥብ የመነጽሩ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። ማየት ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። በአገራችን ይህ በጣም እውነት ነው። በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይድናል። ግላኮማም አለ፣ የስኳር ሕመም የሚያመጣው የዓይን ጉዳትም አለ። እነዚህ ሳይታዩ ስለ አንጎል ማውራት ተገቢ አይደለም።

ስህተቱ ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኑ ታይቶ ደህና ነው ከተባለ ጉዳዩ አለቀ ይላሉ። በፒሲኤ ግን ዓይን ደህና መሆኑ ምርመራው የሚጀምርበት ነው። ሰውየው ግድግዳ ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ አንድ በአንድ አንብቦ ሊጨርስ ይችላል። ብርሃኑ ገብቷል፣ ዓይን የድርሻውን ሠርቷል። የተቀበለውን አገጣጥሞ «ይህ በር ነው፣ ይህ ወንበር ነው» የሚለው ክፍል ነው የታመመው።

ታዲያ ቤተሰብ በምን ይለየው? የዓይን ችግር በአብዛኛው ወጥ ነው። የደበዘዘው ዛሬም ነገም ይደበዝዛል፣ ከሩቅ ያላየው ከሩቅ አያይም። በፒሲኤ ግን ነገሩ ግራ ያጋባል። ሰውየው መሬት ላይ የወደቀች ትንሽ መርፌ ያያል፣ አጠገቡ ያለውን ትልቅ ጀበና ያጣል። ትልቅ የጋዜጣ ርዕስ ማንበብ ያቅተዋል፣ ከሥሩ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ያነባል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሆን ብሎ ነው» ይላል። ሆን ብሎ አይደለም። በአንድ ጊዜ ሊያየው የሚችለው ስፍራ ስለጠበበ ትልቁ ፊደል ከዚያ ያልፋል፤ ትንሹ ግን ይገባለታል።

ሌላው በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ ማየት አለመቻል ነው። ረከቦት ላይ የተደረደሩትን ሲኒዎች አስቡ። ጤነኛ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያያል። ይህ ሰው አንዷን ሲያይ ሌሎቹ ይጠፉበታል። ዓይኑን ሲያዞር ያቺ ያያት ትጠፋና ሌላ ትመጣለች። እጁን ሲዘረጋ ደግሞ ከሲኒው ጎን ይሄዳል፣ ወይ ያልፈዋል፣ ወይ ይገለብጠዋል። ዓይንን ወደሚፈለግበት ቦታ ማዞርም ያስቸግረዋል። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የገለጻቸው የሃንጋሪው ሐኪም ሬዝሶ ባሊንት እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ።

ቁጥርና ጽሕፈትም ይነካሉ። ቀላል መደመር ይጠፋል፣ ግራና ቀኝ ይምታታል፣ ጣቶችን መለየት ያቅታል፣ ፊርማ ይበላሻል። ልብስ መልበስ ሌላ ፈተና ነው፤ እጅጌው የቱ ጋ እንደሆነ ይጠፋል። መኪና ሲያቆሙ ርቀት ይዛባል። ደረጃ ሲወርዱ የመጨረሻው ደረጃ የት እንደሆነ አይታወቅም። የሚያብረቀርቅ ወለል ውኃ ይመስላል፣ ጥቁር ምንጣፍ ጉድጓድ ይመስላል።

አማርኛ ስናነብ የሚገጥመውን ማሰብ አያቅትም። በና ቡን፣ ለና ሉን የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ፊደል ተጠጋግቶ ሲጻፍ አንዱ ከአንዱ የሚቀላቀልበት ሰው ጸሎት መጽሐፉን ዘግቶ ቢያስቀምጥ አይገርምም። ለዓመታት ዳዊት ሲደግም የኖረ ሰው መጽሐፉን ትቶ በቃሉ ብቻ ሲደግም ካያችሁት ልብ በሉ። ቃሉን አልረሳም። መስመሩ ነው የጠፋው።

እንዲህ ያለ ሰው በተለመደው የማስታወስ ፈተና ይጎዳል፤ ጉዳቱም በሁለት በኩል ነው። ሦስት ቃል ነግራችሁ ቆይታችሁ ብትጠይቁት ይመልሳል፣ «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል። ሰዓት ሳል፣ የሳጥን ስዕል አይተህ ሳል፣ የእንስሳ ስዕል ለይ ሲባል ደግሞ ይወድቃል። ያ ውጤት ተደምሮ «ሁሉ ነገሩ ደክሟል» ይባላል። ደክሞ አይደለም፣ ስዕሉን ስላላየው ነው። በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሌላም ጣጣ አለ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ አስተርጓሚ ካለም በስልክ ሊሆን ይችላል። ዓመተ ምሕረት ሲጠየቁ በእኛ አቆጣጠር የመለሱ እናት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የተሳሳቱ ተደርገው ሊመዘገቡ ይችላሉ። አብሮ የሄደ ልጅ ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት። «እናቴ ታስታውሳለች፣ ማየት ነው ያቃታት፣ ፈተናውን በቃል ብቻ ይስጧት» ማለት ትልቅ ነገር ነው።

ጭንቀት ነው ስለሚለው ብዙ አላወራም፤ ግን ይህ ነጥብ በቅርብ ይነካኛል። አክስቴ የሂሳብ ሠራተኛ ነበረች። የሁላችንንም የክርስትና ስም በቃሏ ታውቃለች። ማኅበሩ በማን ተራ እንደሚወጣ የምንጠይቀው እሷን ነበር። እዚያው መሥሪያ ቤት እያለች የመደመሪያ አምዶች ይዛነፉባት ጀመር። መነጽር ቀየረች። ደግማ ቀየረች። በር እየገፋች ትገጫለች፣ ስልኳን አጠገቧ አስቀምጣ ትፈልጋለች። አንድ ክሊኒክ «ዓይንሽ ምንም አልሆነም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጣት። መድኃኒቱ ደግሞ መውደቋን አባሰው። እውነት ነው፣ ተጨንቃለች። ቁጥር እንጀራዋ የሆነች ሴት ቁጥር ሲጠፋባት ለምን አትጨነቅ? ጭንቀቷ የመጣው ከበሽታው ነበር፤ የበሽታው ምክንያት ተደርጎ ተወሰደ። በፒሲኤ ሕሙማን ዘንድ ጭንቀትና ድብርት የተለመዱ ናቸው። ስለዚህ ጭንቀት መኖሩ ብቻውን ምርመራን መዝጋት የለበትም።

ከላይ የጠቀስኩት የ2024 ጥናት ምልክቱ ከጀመረበት እስከሚታወቅበት በአማካይ 3.8 ዓመት እንደሚያልፍ አሳይቷል። ያ ደግሞ በአብዛኛው የአንጎል ምስልና የነርቭ ሐኪም እንደልብ በሚገኝባቸው አገሮች ነው። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ይህን ጊዜ ያራዝሙታል እንጂ አያሳጥሩትም።

የዕድሜው ነገር ደግሞ ይገርመኛል። አልዛይመር የሚለው ስም የመጣው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ካቀረበው የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። አውጉስተ ዴተር ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። የበሽታው የመጀመሪያ ተመዝጋቢ ከ65 በታች ነበረች ማለት ነው። በእርግጥ የተለመደው አልዛይመር ከ65 በኋላ ይበዛል። ፒሲኤ ግን በአማካይ በ59 ዓመት አካባቢ ይጀምራል፤ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የሚጀምራቸውም አሉ።

ይህ ዕድሜ ሰው ሥራ ላይ ያለበት ነው። ልብስ ሰፊው መርፌ ላይ ነው፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ነው፣ ሾፌሩ መሪ ላይ ነው። ስለ መንዳት ጠንከር ብዬ ልናገር። በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተን አካባቢም፣ በሌሎች ከተሞችም ብዙ ወገኖቻችን ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በመንዳት ነው። ፒሲኤ ያለበት ሰው መንገዱን ያውቀዋል፣ የከተማውን ቅያስ በቃሉ ይነግራችኋል። እግረኛውን ግን አያየው ይሆናል። ከሌላው መኪና ጋር ያለውን ርቀት መገመት አይችልም። ስለማይረሳ ቤተሰብ ቁልፉን አይቀበለውም። ይህ ሰው ሳይውል ሳያድር መንዳት ማቆም አለበት፤ ቤተሰቡም የገቢውን ነገር አብሮ ማሰብ ይኖርበታል። ከ65 በታች ከሆንክ አትስጋ የሚለው ምክር እዚህ ላይ የሌላን ሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

አሁን ደግሞ በጣም ወዳሳዘነኝ ነጥብ ልምጣ። በሽተኛው ስለማይገባው ባይነገረው ይሻላል ይላል ጽሑፉ።

የተለመደው አልዛይመር ሲገፋ ብዙ ሰው መታመሙን ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። በፒሲኤ ግን ሰውየው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሆነውን ሁሉ ያውቃል። ያስባል፣ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ይወስናል። የማያውቀው ነገር ቢኖር የበሽታውን ስም ነው፤ እሱንም የደበቅነው እኛ ነን። ስም ሳይሰጠው ሲቀር ለራሱ ሌላ ምክንያት ያበጃል። አበድኩ ይላል። ሰነፍኩ ይላል። እግዚአብሔር ተቆጣኝ ይላል። ከዚህ ሁሉ «አንጎልህ ውስጥ ማየትን የሚያቀናብረው ክፍል ታሟል፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» መባል አይሻልም?

እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቸት በ59 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ብዙም ያልተለመደ የአልዛይመር ዓይነት እንዳለበት በአደባባይ ተናገረ፤ ያ ፒሲኤ ነበር። መተየብ ሲያቅተው እየተናገረ ያስጽፍ ጀመር፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ኮምፒውተርም ተጠቀመ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ አዳዲስ መጻሕፍት አሳትሟል። ሕመሙን ቢደብቁት ኖሮ ያንን መንገድ የሚያዘጋጅበት ጊዜ አያገኝም ነበር። ሁሉም ሰው እንደሱ ዕድሜ አያገኝም፣ እንደሱ ረዳትም የለውም። ኑዛዜ መጻፍ፣ ውክልና መስጠት፣ ከልጆች ጋር ስለ ቤትና ስለ መሬት መነጋገር ግን የሁላችንም ነገር ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው አእምሮው ገና እያለ ነው። የማስታወስ ችግርም ቢሆን ውሎ አድሮ ይመጣልና ያ ጊዜ የሚባክን አይደለም።

እንዴት እንደሚነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በችኮላ፣ በመተላለፊያ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት አይደለም። ካህንም ይሁን የቤተሰብ ሽማግሌ የሚያምኑት ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፣ ሕክምናውን ሳይተዉ። እርጥብ ደረጃና የሰው ግፊያ ባለበት ቦታ ግን የሚይዛቸው ሰው አብሮ ይሁን።

የመጨረሻው ነጥብ መድኃኒት ከሌለው ለምን እመረመራለሁ የሚለው ነው።

አንደኛ፣ ሌላ የሚታከም ነገር ሊሆን ይችላል። በአንጎል የኋላ ክፍል ላይ የደረሰ ስትሮክ፣ ዕጢ፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚመጣ የአንጎል ኢንፌክሽን ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግርም አእምሮን ያደክማሉ። ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካንና የደም ምርመራ እነዚህን ለመለየት ነው። በተለይ ማየቱ በዓመታት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ከከፋ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያ የሌላ በሽታ ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ ያ የሉዊ ቦዲ ነገር አለ። ሰውየው የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ፊቱ ቆሞ የሚያይ ከሆነ፣ እንቅስቃሴው ከዘገየ፣ በእንቅልፉ እየጮኸ የሚወራጭ ከሆነ ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት። እንዲህ ላለው ሰው ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉ የአእምሮ መድኃኒቶች ከባድ ጉዳት፣ አንዳንዴም ሞት ሊያመጡ ይችላሉ። «ሰው ያያል» ተብሎ መርፌ ከመወጋቱ በፊት የበሽታው ዓይነት መታወቁ እንዴት ትርጉም የለውም ይባላል?

ሦስተኛ፣ መድኃኒት የለም ማለት ራሱ ሙሉ እውነት አይደለም። የሚያድን የለም፤ በዚህ እንስማማለን። እንደ ዶኔፔዚል ያሉ ምልክቱን በመጠኑ የሚያግዙ መድኃኒቶች ግን ከሥሩ አልዛይመር ላለባቸው የፒሲኤ ሕሙማንም ይሞከራሉ። ለድብርቱና ለጭንቀቱም ሕክምና አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ሌካኔማብ፣ በ2024 ዶናኔማብ ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች በደም ሥር የሚሰጡና አሚሎይድን የሚያነሱ ናቸው። የበሽታውን ፍጥነት በመጠኑ ያዘገያሉ፣ አያቆሙትም። የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያመጡ ስለሚችሉ በኤምአርአይ መከታተል ግድ ነው። ጥናቶቹ የተደረጉት በአመዛኙ መርሳት በጀመራቸው ሰዎች ላይ ስለሆነ ፒሲኤን ከሚያውቅ ሐኪም ጋር በጥንቃቄ መነጋገር ያስፈልጋል። አሜሪካ የምትኖሩ ይህን መጠየቅ የምትችሉት ግን በጊዜ ስትታዩ ብቻ ነው። በ2025 ደግሞ አልዛይመርን ለመለየት የሚያግዝ የደም ምርመራ እዚያው ተፈቅዷል።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቤት ውስጥ የሚደረገው። አንድ ቤተሰብ ችግሩ ማየት መሆኑን ሲያውቅ ቤቱን ይለውጣል። መርሳት ነው ብሎ ካሰበ ግን ማስታወሻ ወረቀት ይለጥፋል፤ ያ ወረቀት ለፒሲኤ ሰው ሌላ የማይነበብ ነገር ነው። የሚጠቅመው ሌላ ነው። የደረጃውን ጠርዝ ደማቅ ቀለም ባለው ፕላስተር ምልክት አድርጉ። አበባ የበዛበትን ምንጣፍና የጠረጴዛ ልብስ አንሱ። ብርሃኑ እኩልና በቂ ይሁን፣ ከመስኮት በቀጥታ ዓይን ላይ የሚያርፍ ግን አይሁን። ነጭ ሲኒ በነጭ ጠረጴዛ ላይ አይታይም፤ ቀይ ወይም ሰማያዊ ኩባያ ስጡ። ዕቃ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ነገር አይከማች።

ትሪ ከብበው ሲበሉ እጁ ከወጡ ጎን የሚያርፍበት ሰው ያፍራል፣ ቀስ በቀስም ከማዕድ ይሸሻል። ለብቻው ጠርዝ ባለው ሳህን ቢቀርብለት፣ እንጀራው ተጠቅልሎ በእጁ ቢሰጠው ይቀለዋል። ጉርሻ እንዲህ ላለ ሰው ዕርዳታ ሳይመስል የሚረዳ ልማድ ነው፤ ተጠቀሙበት። የፈላ ጀበና የሚያነሳው ግን ሌላ ሰው ይሁን፤ የታመመችው እናት ከሆነች ቡናው ለማን እንደሚቀዳ፣ ወሬውን ማን እንደሚመራ እሷ ትወስን።

ወደ ክፍሉ ስትገቡ ስማችሁን ተናገሩ። «እዚያ ጋ ነው» አትበሉ፤ ለእነሱ «እዚያ» ጠፍቷል። እጃቸውን ይዛችሁ ዕቃውን አስነኳቸው። ክኒን ቆጥረው እንዲወስዱ አትተዉአቸው፤ በየሰዓቱ ሌላ ሰው ይስጣቸው። የብር ኖቶችን መለየት ስለሚቸገሩ ገበያ አብራችሁ ሂዱ። ስልክ ላይ ከመጻፍ የድምፅ መልእክት ላኩላቸው፣ ሬዲዮ አቅርቡላቸው። አክስቴ ዛሬ መጽሐፍ አታነብም። የተቀዳ ስብከትና ትረካ ታዳምጣለች፣ ያዳመጠችውን ለእኛ ትነግረናለች፣ ከተነገረው በላይ ታብራራዋለች። ይህ የሆነው ምን እንደሆነች ካወቅን በኋላ ነው።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። ጽሑፋቸው ብዙ ሰው ጋ ደርሷል፣ እርማቱም እዚያው እንዲደርስ። «ካስታወሰ አልዛይመር የለበትም» የሚለውን አውጥተው በምትኩ እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ አልዛይመር በመርሳት ብቻ አይጀምርም፤ ዓይኑ ደህና ነው የተባለ ሰው ዕቃ ማግኘት፣ መስመር ተከትሎ ማንበብ፣ ደረጃ መውረድ ወይም ቁጥር መደመር ካቃተው የነርቭ ሐኪም ይየው። ከሥሩም «ዕድሜው ከ65 በታች ቢሆንም» ብለው ይጨምሩበት።